ከኢሳኦ ኋላ የምትሄደው

ጁን 9

ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር አለ። ባለቤቴ ኢሳኦ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የጌም መዝገቡን፣ የደረሰበትን የሚይዝለትን፣ አጠፋሁበት። ወለሉን በቫኪዩም ክሊነር እያጸዳሁ ነበር። ቱቦው የጌም ማሽኑን ገጨው፣ ስክሪኑ ጨለመ፣ መልሼ ሳበራው መዝገቡ የለም። ያኔ በየቤቱ የሚደርስ ነገር ነበር፤ በዚህ ሰበብ ከልጇ ጋር ያልተኳረፈች እናት የለችም።

ኢሳኦ ከሆስፒታል አልተመለሰም። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። የጌሙ ካሴት ግን ዛሬም በሙታን ማሰቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፎቶግራፉ ሥር አለ። እዚያ ያስቀመጠችው ልጃችን ቺዙሩ ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በካሴቱ ውስጥ ያለው መዝገብ የአባቷ ይመስላታል።

የእኔ ነው።

ይህን ልጽፍ የተነሣሁት ዛሬ ከሰዓት ስለደወለች ነው። «እማ፣ ካሴቱን እንዳትነኪው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ዕድሜዋ አልቋል። እሷ ከሞተች የአባባ መዝገብ አብሯት ይሄዳል። የሥራ ባልደረባዬ ኩሮኪ መዝገቡን ሳያጠፋ ይቀይራታል።»

«እሺ» አልኳት።

ጁን 11

ዝናብ። ፕሪሙን በማሰሮ ደርድሬ ጨው ነሰነስኩበት፣ ድንጋይ ጫንኩበት።

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩትን አነበብኩት፤ ግማሹ አይገባም። ኢሳኦ እዚሁ ካዋጉቺ ከብረት ማቅለጫ እቶን ፊት ዕድሜውን የጨረሰ፣ ሳንባውን አቧራ የበላው ሰው ነበር። የመጨረሻው ክረምት ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ቺዙሩ ጌሟን ለቀቀችለት። ጀግናው ሰይፍ ይዞ፣ ጓደኞቹን በሰልፍ ከኋላው አስከትሎ፣ አገር ለአገር ዞሮ የአጋንንቱን ንጉሥ ሊገድል የሚሄድበት ነው። ለጀግናውም ለጓደኞቹም ስም የሚያወጣው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

መዝገቡ ከጠፋ በኋላ ደነገጥኩ። ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ስለዚህ ቺዙሩ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከዜሮ ጀመርኩት። እሱ የደረሰበት አድርሼው፣ ምንም እንዳልሆነ መስዬ ልጠብቀው ነበር ሐሳቤ።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአኪታ በባቡር ተጭነን ለፋብሪካ ከመጣነው ልጆች አንዷ ነኝ። ከባዱን ፊደል፣ ከቻይና የመጣውን፣ ራሴን ያስተማርኩት ቆይቶ፣ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለስኩ ነው። የጌሙ ጽሑፍ ግን ሁሉም በቀላሉ፣ በልጆች ፊደል ነበር፤ ካሴቱ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። በሕይወቴ ማንንም ሳልጠይቅ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ጌም ነው። ባሌ አልጋ ላይ ሆኖ እኔ በዚያ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀግናውን ኢሳኦ አልኩት። ፈዋሿን ቺዙሩ አልኳት።

የቀድሞዋ ፈዋሽ ስም ሌላ ነበር።

ጁን 22፣ እሑድ

ቺዙሩ የሥራ ባልደረባዋን ኩሮኪን ይዛ መጣች። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሁሌም የራበው ሰው ነው። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ትንሽ የጌም ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ የአሁኑን ሥራ የምትመራው እሷ ናት። «የጨው መንገድ» ብለውታል። ኦገስት ሳያልቅ ማስረከብ አለባቸው። በመዳፍ በሚያዝ ማሽን ጭና አመጣችልኝ፤ እንድሞክረው።

«እማማ፣ ይዳኙን» አለ ኩሮኪ፣ ሦስተኛውን ሳህን ኑድል እየሳበ። «ጥሩ ጌም ማለት ውጊያው የሚጥም ነው። ጭራቅ ይገድላሉ፣ ጉልበት ይጨምራሉ፣ የባሰ ጭራቅ ይገድላሉ። አለቀ! ልጅዎ ግን በተመለስን ቁጥር የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ድመቱ ሳይቀር፣ አዲስ ወሬ ያውራ ትላለች። ማነው ጭራቁን ትቶ ከዶሮ አርቢ ጋር ሐሜት የሚቀመጥ?»

«አባቴ» አለች ቺዙሩ።

«ይኸው! በየስብሰባው ይህችን ትወረውርልናለች። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ?»

«አንተማ ከድመቱም ጋር ተከራክረህ አታሸንፍም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሣሁና ንጹሑን ሳህን ጭምር አጠብኩ።

ጁን 27

ጨዋታውን ጀመርኩ። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ዓይኔ አለቀሰ።

ጁላይ 2

የዓሣ ሻጯ ነገር ከነከነኝ። በወደቡ መንደር ዓሣ የምትሸጥ ሴት አለች። ልጇ በማዕበል ይሞታል፤ ሬሳውን የሚያመጣላት ተጫዋቹ ነው። አመጣሁላት። ተራራ ደርሼ ተመልሼ አነጋገርኳት። «ትኩስ ዓሣ! ትኩስ ዓሣ!» አለችኝ። ልጇ በሕይወት ሳለም የምትለው ይህንኑ ነው። ማሽኑን ዘጋሁት።

ለቺዙሩ ደወልኩ። «ዓሣውን ትሽጥ፤ ሰው መብላት አለበት። ግን ዋጋ ትሳሳት። ወይም የሰጠችሽን መልሳ ትስጥሽ። አባትሽ የሞተ ሰሞን እኔ ከአትክልት ሻጩ ሽንኩርት ገዝቼ፣ በሩ ላይ ደርሼ፣ ተመልሼ ያንኑ ሽንኩርት ገዝቻለሁ።»

ከስልኩ ወዲያ ሲጽፍ የነበረ እርሳስ ሲቆም ተሰማኝ።

«አባባም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚለው» አለች።

ኢሳኦ? ኢሳኦ ከመንደር ሰው ጋር ሲያወራ አንድ ቀን አላየሁትም። ይሮጣል፣ ይገድላል፣ ይሮጣል። ፈዋሿ ስትቆስል ብቻ ነው የሚቆመው። ያኔ ሁሉን ትቶ፣ የመጣበትን መንገድ ሙሉ ተመልሶ፣ እንድትድን ወደ ቤተ መቅደስ ያደርሳታል። ሌሎቹ ጓደኞቹ ይሞቱበታል፤ እሷ አንድ ጊዜም አልሞተችም። ያን ሳይ ነው…

በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ ጋዜጣ።

ጁላይ 13

ቺዙሩ ልብስ ልትወስድ መጣች። ከስታ አየኋት። ኮሪደሩ ላይ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ልሰማ ብዬ አይደለም፣ ግድግዳው ስስ ነው።

«አዎ፣ የጌም መጽሔቱ ሰዎች ኦገስት 18 እማዬ ቤት ይመጣሉ፤ ካሴቱን እዚያው ፎቶ ያነሡታል። ስለ አባቴ ነዋ የምናገረው! ያ ታሪክ ባይኖር አለቆቹ ይህን ጌም መቼ ይፈቅዱልኝ ነበር? ጀግናው ንጉሡን ለመግደል ጉልበት ሞልቶታል። መዝገቡ የቆመው ግን የመጀመሪያው መንደር ውስጥ ነው። ሊሞት መሆኑን አውቆ ሊሰናበታቸው ተመለሰ። ከኋላው ደግሞ እኔን አስከትሎ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ያንን አይቼ ነው ለዚህ ሥራ የተነሣሁት።»

የተቀቀለ በቆሎ ጠቅልዬላት ሄደች።

ሊሰናበት የተመለሰ ሰው የለም። መንደሩ ውስጥ የቀረሁት ባሕሩን መሻገር ፈርቼ ነው። ጀልባ ላይ በወጣሁ ቁጥር አንድ የባሕር አውሬ ይገድለኝ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው መንደር ዙሪያ ያሉትን ደካማ ጭራቆች እየገደልኩ ጉልበት አጠራቀምኩ። ከበቂ በላይ። መሻገር ከቻልኩም በኋላ አልተሻገርኩም።

በመንደሩ በር አንድ ሽማግሌ ቆሞ ነበር። በተገባ ቁጥር «እንኳን ደህና መጣህ። ደክሞሃል፣ ግባ» ይላል። ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ወደ ሽማግሌው እሄድ ነበር። ገብቼ እወጣለሁ፣ እንደገና እገባለሁ፤ ያንን እንዲለኝ ብቻ። ልጄ የአባቷ ስንብት የምትለው የእኔ መንቀዋለል ነው።

ጁላይ 16

ሙቀት። ፕሪሙን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። «አባባ ምን ይል ነበር?» ብላ ሁለት ጊዜ መልእክት ላከች። ሁለቱንም ጊዜ መለስኩላት። እሱ የሚል የመሰለኝን ሳይሆን እኔ የሚሰማኝን፣ በእሱ ስም። ሌባ ሁለት ጊዜ።

ጁላይ 24

ሙቀቱ አላስተኛ ብሎኛል፤ እውነቱን ልጻፈው።

ቫኪዩም ክሊነር የሚባል ነገር የለበትም። በዚያ ቀን ማሽኑን ማንም አልገጨውም። ለሆስፒታል ፒጃማውን እያጣጠፍኩ፣ ምን እንደሚያስደስተው ልየው ብዬ አበራሁት። የጓደኞቹ ስም ተደርድሯል። ከኢሳኦ ቀጥሎ የምትሄደው፣ ያቺ በስስት የሚጠብቃት ፈዋሽ፣ ስሟ ሳዮ ነው።

ሳዮ የምትባል ሰው አላውቅም። ፋብሪካው አጠገብ ሠራተኞቹ ደመወዝ ሲቀበሉ የሚያመሹበት መጠጥ ቤት ነበር። የመጣልኝ እሱ ነው። የእኔን ስም አላወጣም። የልጁንም አላወጣም። ማውጫው ውስጥ «መዝገብ አጥፋ» የሚል አለ። ስጫነው «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። አዎ አልኩ።

ብጠይቀው ይመልስልኝ ነበር። አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፊቱን አጠብኩለት፣ ፕሪም በገንፎ አጎረስኩት፣ ስለ አየሩ አወራሁት። እሱ ደግሞ «ወደ ቤት ስመለስ የምቀጥለው ነገር አለኝ» ይለኝና ይስቃል። እኔ በልቤ ትቀጥላለህ እለዋለሁ።

ሌላም አለ። የሞተ ቀን አጠገቡ የነበሩት ወንድሙ ቴሩዎና ቺዙሩ ናቸው። እኔ ቅያሪ ልብስ ላመጣ ቤት መጥቼ ነበር። ልብሱን ለማምጣት ያን ያህል አይፈጅም። ስልኩ ሲጮህ ጌሙ ውስጥ፣ ከመንደሩ በር ላይ ነበርኩ።

ዛሬ ከሰዓት አሮጌውን ማሽን አወጣሁና ካሴቱን ከተትኩ። ይሠራል። ጣቴን «አጥፋ» ላይ አኖርኩ። ባትሪዋ ቀድማ ሞተች እላለሁ፤ ማንም አይጠረጥረኝም። መጽሔቱም ፎቶ የሚያነሣው አያገኝም። የተውኩት ደግ ሆኜ አይደለም። ሽማግሌውን አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ገባሁ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ፣ ካሴቱን ነቅዬ ወደ ቦታው መለስኩት።

ጁላይ 30

ኩሮኪ ደወለ። «እማማ፣ ጉድ ሠሩኝ! ዓሣ ሻጯ ዋጋ ትሳሳታለች፣ ሞካሪዎቹ ብልሽት አገኘን ብለው ሪፖርት ጻፉ!»

«ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ አለው! አንደኛው ደግሞ እየተመለሰ ዓሣ ይገዛታል፤ ቦርሳው ዓሣ ብቻ ሆኗል። ለምን ስለው ‹ብቻዋን ናት› አለኝ። በቃ፣ ተረታሁ። ለኢሳኦ ሲጸልዩ ኩሮኪ እጅ ሰጠ ይበሉልኝ።»

እላለሁ አልኩት።

ኦገስት 13

ቦን ገባ፤ ሙታን ወደየቤታቸው የሚመጡበት ቀን ነው። እንደየዓመቱ ከኪያር ፈረስ ሠራሁ፣ እግሩ ከእንጨት ስንጥር፤ ኢሳኦ ቶሎ እንዲደርስ። ለመመለሻው ከደበርጃን በሬ፤ ቀስ ብሎ እንዲሄድ።

ጋሼ ቴሩዎ፣ የኢሳኦ ታላቅ፣ ከትውልድ መንደራቸው ከካዞ መጣ። ሰማንያ ሊጠጋ ነው። ቺዙሩም ለግማሽ ቀን ከሥራ አምልጣ መጣች። ቴሩዎ ከማሰቢያው ፊት ተቀምጦ እጁን አጋጥሞ ጸለየና ካሴቱን አየው።

«ይቺ አሁንም አለች?»

«እንዴት ትጠፋለች አጎቴ!» አለች ቺዙሩ። «ሰኞ በመጽሔት ልትወጣ ነው። አባባ ፈዋሿን በእኔ ስም መጥራቱን ያውቃሉ?»

«በአንቺ? ሳዮ አልነበረችም እንዴ?»

ማንኪያ ከእጄ ወደቀ።

ቺዙሩ ሳቀች። «ሳዮ ደግሞ ማናት? ካሴቱን ከፍቼ ላሳይዎት?»

ቴሩዎ ማንኪያዋን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ተይው ልጄ» አለ፤ «አርጅቻለሁ፣ የትናንት ምሳዬንም አላስታውስ። ይልቅ ያንን ሐብሐብ ቁረጪልን።»

እሷ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩት። አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቼ።

«ሳዮ ማናት?»

«እህታችን ናታ።» ገረመው። «በየዓመቱ ካዞ እየመጣሽ ትሰግጂላት አልነበር? በማሰቢያው ውስጥ ከእናታችን በስተግራ ያለችው ትንሿ የሙታን ሰሌዳ።»

ሰሌዳዋን አውቃታለሁ። አቧራዋን በእጄ ጠርጌያለሁ። ነገር ግን ሰሌዳዋ ላይ ያለው መነኩሴው ከሞተች በኋላ የሰጣት የሙታን ስም ነው፣ በከባዱ ፊደል። በሕይወት ሳለች የተጠራችበት የትም አልተጻፈም። በዚያ ቤትም ማንም አፉ ላይ አያመጣውም ነበር። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁበት ዓመት ጀምሮ ለልጅቷ ሰግጃለሁ፤ ስሟን ግን የመጠጥ ቤት ሴት አደረግኩት።

«ጦርነቱ ያለቀ ክረምት» አለ ቴሩዎ። «አራት ዓመቷ ነበር፣ ኢሳኦ ሰባት። የሚበላ የለም። ትኩሳት ያዛት። እናታችን እኛን ለማብላት ኪሞኖዋን በእህል ልትለውጥ ሄዳለች፣ እኔ እንጨት ለቀማ። ኢሳኦ አዝሏት በሩዝ ማሳው መሐል ወደ ሐኪሙ ሮጠ። መንገዱን ሙሉ ያወራት ነበር። ሐኪሙ ሲያወርዳት ሞታለች። የት ቦታ ላይ እንደሞተች አላወቀም። እድሜውን ሙሉ የበላው እሱ ነው፤ የት ቦታ ላይ መልስ መስጠት እንዳቆመች።»

ከወጥ ቤት የቢላዋ ድምፅ ይሰማል።

«ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት እዚህ ክፍል አስቀምጦ ይህን ጨዋታ አሳየኝ። ‹ጋሼ ተመልከት› አለኝ፤ ‹አሁን በራሷ እግር ትሄዳለች። ስታመምም የምታክመኝ እሷ ናት።› እኔ እንኳን ጌም አልገባኝም፤ አለቀስኩ።» ሻዩን አነሣ፣ ሳይጠጣ አስቀመጠው። «ታዲያ እንዴት ቺዙሩ ሆነች?»

ማንኪያዋን ከወለሉ አነሣሁ። እሱም ጥያቄውን አልደገመልኝም። ቺዙሩ ሐብሐቡን ይዛ ገባች።

«ጣፋጭ ነው» አለ፣ ሳይቀምሰው።

ኦገስት 14

ምንም አልሠራሁም።

አሁን ደግሞ ሠራሁ። ገበያ ወርጄ ከኪያሮቹ ሁሉ ትንሿን መርጬ ሌላ ፈረስ ሠራሁ፣ ከትንሽ ደበርጃንም ሌላ በሬ። ከሳዮ ጋር በአንድ ፈረስ ቢመጡ ኢሳኦ እሷን ማዘሉ አይቀርም።

ኦገስት 15

ካሴቱ ውስጥ ሁለተኛው የመዝገብ ቦታ ባዶ ነው። ጀግናውን ኢሳኦ፣ ፈዋሿን ሳዮ ብዬ ልጀምረው አሰብኩ። ማሽኑን እስከማብራት ደረስኩ። ከዚያ ተውኩት። አንድ መዝገብ በእሱ ስም አስመስያለሁ፤ በእሷ ስም ሌላ አልጨምርም።

ኩሮኪ ጥሩ ጌም ውጊያው ነው ይላል። ቺዙሩ ተመልሰህ ስትመጣ የሚያውቅህ ሰው መኖሩ ነው ትላለች። ልጄ አልተሳሳተችም፤ የተማረችው ግን ከአባቷ አይደለም። ኢሳኦ የፈለገው ሌላ ነበር። ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ስም «ስም አውጣ» ተብሎ ሲጠየቅ ጻፈው። ጌሙ ማናት አላለውም። ተቀበለውና ከኋላው አስኬዳት። እኔ ግን ሳልጠይቅ ፈረድኩ። «እህቴ» በሚል መልስ የሚያልቅ ጥያቄ ነበር።

እኔስ ከዚያ ሽማግሌ ምን ነበር የምፈልገው? የሠራሁትን ሳያውቅ ግቢ እንዲለኝ።

ኦገስት 16

ሙታን ተመለሱ። ሁለት ፈረስ፣ ሁለት በሬ። ቺዙሩ ለሽኝቱ ደርሳ ቆጠረቻቸው።

«እማ፣ ትንሿ የማናት?»

«እነግርሻለሁ።»

«አጎቴ ቴሩዎ ያሉት ነገር ነው አይደል?» አለች፣ ዓይኖቿን ከበሬዎቹ ሳታነሣ። «ሌሊቱን አላስተኛኝም። ሰኞ ምን ልናገር ነው ሰዎቹ ፊት?»

አፌን ከፈትኩ። «ኑድል ልሥራልሽ?» የሚል ወጣ። አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ሳትበላ ወደ ባቡሩ ሄደች።

ኦገስት 17

ስናገር አይወጣልኝም። ስጽፍ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ቫኪዩም ክሊነር ዋሸሁ። ያንን ገጽ ልቀድደው ነበር። አልቀደድኩትም፤ እንዴት እንደምዋሽ ትየው።

የመጽሔቱ ሰዎች ነገ ከምሳ በኋላ ነው የሚደርሱት። ቺዙሩን በጠዋት ነይ ብያታለሁ፣ ኩሮኪን ሳታመጪ። ካሴቱን ከፎቶግራፉ ሥር አልነካሁትም። ባትሪዋ ትቀየር ወይም ትሙት፣ የምትወስነው እሷ ናት። ስለ አባቷ ትናገር ወይም ዝም ትበል፣ እሱንም። ጌሟን ግን ለማንም ብላ እንዳትቆርጠው፤ ዓሣ ሻጯ ዋጋ መሳሳቷን ትቀጥል።

ነገ ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ደክሞሻል፣ ግቢ እላታለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም። ከዚያ ይህን ደብተር አቀብላታለሁ፦ ስሟን በሙት ልጅ ቦታ ላስቀመጥኩባት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳታውቅ ከአባቷ ኋላ ለተጓዘችው ልጄ፣ ለቺዙሩ።